ቁልፍ ቀራጩ ያላመለከተው ስርቆት

ሰውየውን ሰፈሩ «መክፈቻ» ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሚስቱ እንኳ ስትናደድበት «መክፈቻ» ነው የምትለው። ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር በተለጠፈች፣ አንድ ሰው በጭንቅ በምታስቀምጥ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ሲቀርጽ ኖሯል። ከጀርባው ጥርስ ያልወጣላቸው ቁልፎች በሚስማር ተንጠልጥለዋል፤ ከፊቱ የመቅረጫ ማሽኗ ትጮሃለች። ጥፍሩ ሥር የገባው የናስ ዱቄት በሳሙናም በድንጋይም አይለቅም።

የሚወደድ ሰው አልነበረም። ደንበኛ ሲመጣ ቀና ብሎ አያይም፤ እጁን ይዘረጋል፣ ቁልፉን ይቀበላል፣ ቀርጾ ይመልሳል። «እንደምን ዋልክ?» ላለው ሰው መልሱ «ስንት ፍሬ?» ነው። የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር እጁ የገባን ቁልፍ አለመርሳቱ ነበር። «የሰው ፊት ይጠፋኛል፤ የቁልፍ ጥርስ ግን አይጠፋኝም» ይላል፣ ሰምቶ የሚያደንቅለት ሰው ባገኘ ቁጥር።

ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ፖሊስን ነበር። ይህ ጥላቻ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለአንድ ሐኪም የበር ቁልፍ ቀየረ፤ በሳምንቱ የሐኪሙ ቤት ተዘረፈ። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ገበያተኛው ሁሉ እያየ ከሱቁ ውስጥ በአንገትጌው ጎትተው አወጡት። አራት ቀን ሲሚንቶ ላይ አስተኙት። «የት ደበቅከው?» እያሉ ግራ ጆሮውን እስኪደነቁር በጥፊ አጮሉት። በአምስተኛው ቀን ሌባው የሐኪሙ የራሱ ዘበኛ መሆኑ ተደረሰበት። የዚያን ጊዜ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ወርውረውለት «ሂድ» አሉት። ይቅርታ የሚባል ነገር አልሰማም። ከዚያ ወዲህ በእግር በሚደረስበት ቦታ ሁሉ ቤት በተሰረቀ ቁጥር አንዱ ፖሊስ ሱቁ ፊት ይቆምና «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ይለዋል። ያ ጆሮው እስከ ዛሬ እንደ ባዶ ጣሳ ያፏጭበታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ከሥራ ተመልሶ ቤቱን ባዶ ያገኘው።

በሩን እንደ ወትሮው ሁለት ጊዜ አዙሮ ከፈተ። መጀመሪያ ያየው የቴሌቪዥኑን ቦታ ነው፤ በአቧራው መሀል አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ቦታ ቀርቷል። የመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን አፉን ከፍቷል። የሚስቱ የአንገት ወርቅና ሁለቱ ቀለበቶቿ የሉም። የአልጋ ልብሱም የለም፤ ቴሌቪዥኑን የጠቀለሉት በእሱ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ወደ ጓዳ ገባ። ሰው ቤት ተጠርቶ ሲሄድ የሚይዘው መሰርሰሪያው ከነሣጥኑ ተወስዷል። ለቴሌቪዥኑም ለወርቁም ያልሞቀ ደሙ ይሄኔ ፈላ።

ተመልሶ በሩ ሥር ተንበረከከና በማጉያ መስታወቱ የቁልፉን ቀዳዳ አየ። ጭረት የለም፤ ሽቦም መፍቻም የነካው ምልክት የለም። ሌባው እንደ ባለቤት በቁልፍ ከፍቶ ገብቷል፣ እንደ ባለቤት ቆልፎ ወጥቷል።

ሚስቱ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ስትገባ ባሏን ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቤቱን ዞራ አየችና እጇን አንገቷ ላይ አደረገች፣ ወርቁ እዚያ ያለ ይመስል።

«ተነስ፣ ጣቢያ እንሂድ» አለችው።

«የትም አንሄድም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያለን አንቺና እኔ ነን። እኔ ደግሞ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። ማንን የሚይዙ ይመስልሻል?»

«እና ሌባው እየሳቀብን ይኑር?»

«ይሳቅ። ደግሞስ የመክፈቻ ቤት በቁልፍ ተከፍቶ ተዘረፈ ተብሎ ከተወራ፣ ከእንግዲህ በሩን ለእኔ የሚሰጠኝ ማን ነው? ሱቄን ልዝጋ?»

ሚስቱ ወንበር ስባ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ደግ ነበር፤ ግን የስርቆት ነገር ካልተነገረ ቤት ውስጥ ይበሰብሳል። አንድ ሳምንት ሙሉ ባልና ሚስት «ጨው አቀብለኝ» ከማለት ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። እሷ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን እጇ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ መኝታ ቤት ትሄዳለች። እሱ ደግሞ ያቺን ቦርሳ እያየ ስንትና ስንት ያስባል። በስምንተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ እሷ ቀድማ ተናገረች።

«ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱ ከቦርሳዬ አልወጣም።»

«እና?»

«እናማ ሌላው ያንተ ነው።»

«እኔ ነኝ የራሴን ቤት የሰረቅኩት?»

«አላልኩም። ግን ንጹሕ ሰው ፖሊስ አይፈራም። አንተ ለምን ፈራህ?»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ንግግር ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከመረመረው ፖሊስ አፍ ሰምቶታል፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ከሚስቱ አፍ እሰማዋለሁ ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ግቢው በር ላይ ልብስ ሰፊዋ ጠበቀችው። ይህቺ ሴት የግቢውን የፊት ክፍል ተከራይታ፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ትውላለች። የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ታያለች፤ አፏ ግን ከስፌቷ የጠበቀ ነው።

«ጋሼ፣ የዛሬ ጠዋቱ ንግግራችሁ ተሰምቶኛል፤ አንድ ነገር ልንገርህ። ነግራኛለች ብትል ግን ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እክድሃለሁ» አለችው።

«ተናገሪ።»

«ዕቃችሁ የወጣ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው፣ የሚስትህን ወንድም አየሁት። በአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ታክሲ ውስጥ ሲያስገባ። ቴሌቪዥን ሊያሠራላችሁ መሰለኝ። ‹ደህና ዋልሽ› ብሎኛል እኮ።»

መክፈቻ የግቢውን በር ደገፍ አለ።

«ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልብስ ነው የምሰፋው፤ ነገር አልሰፋም» አለች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ድሮ በነበርኩበት ሰፈር አንዱ ሰው በስለት ሲወጋ አየሁ ብዬ መሰከርኩ። ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት አመላለሱኝ። የተመሰከረበት ሰውዬ በዋስ ወጥቶ በየቀኑ መስኮቴ ሥር ቆሞ ሲያፏጭ ይውላል። ለፖሊስ ብነግር ‹እስካሁን አልነካሽም አይደል?› አሉኝ። ቤት ለቅቄ ጠፋሁ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን አላየሁም።»

የሚስቱ ወንድም የቤት ደላላ ነው። ጫማው ሁልጊዜ ያበራል፤ ሲያወራ የሰው ክንድ ይዞ ነው። መክፈቻ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አልወደደውም፤ ሆኖም የሚያከራያቸውን ቤቶች ቁልፍ በእስር በእስር እያመጣ የሚያስቀርጽ ደንበኛው ነበር። ከስርቆቱ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሊያጽናና መጥቶ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ «ጋሼ፣ ፖሊስ ጋ አለመሄድህ ብልህነት ነው፤ ያንተን ነገር ያውቁታል» ብሎት ነበር። መክፈቻ ያን ዕለት አንድም ነገር አልጠረጠረም። አሁን ግን ያቺ ቃል ትዝ ስትለው ቆሽቱ አረረ።

ሱቁን ሳይከፍት በቀጥታ ወደ ደላላው ቢሮ ሄደ። ቢሮው መስታወቱ በቤት ፎቶ የተለጠፈ አንዲት ክፍል ናት። ደላላው ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ቁልፉን ከየት አመጣኸው?» አለው መክፈቻ፣ ቆሞ።

ደላላው ተነስቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። ለመካድ እንኳ አልደከመም።

«ከአንተ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ከእኔ?»

«ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ባለው ቅዳሜ እናንተ ቤት ምሳ በላሁ፤ አንተ ሱቅህ ነበርክ። እህቴ ዕቃ ስታጥብ ከቦርሳዋ አወጣሁት። ከአራት ቁልፍ ጋር አስሬ አመጣሁልህ። ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም፤ ‹ስንት ፍሬ?› ብቻ ነው ያልከኝ። አምስቱንም ቀረጽክልኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩት።»

መክፈቻ ያንን ቅዳሜ አስታወሰ። አምስት ቁልፍ በሽቦ ታስሮ። የሚስቱ ቁልፍ እሱ ራሱ ከዓመታት በፊት የቀረጸው ነው፤ ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ ያለሰለሰው እሱ ነው። ጣቶቹ መካከል አልፎ ማሽን ላይ ታስሮ ተቀርጿል፤ እሱ ግን የራሱን ቤት ቁልፍ አላወቀውም። ፊቱ እንደ ተመታ ሰው ተለዋወጠ።

«ሂድና አመልክት» አለው ደላላው ሻዩን ፉት እያለ። «መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቅህ ቁልፉን ማን ቀረጸው ብሎ ነው። ምን ልትል ነው?»

መክፈቻ ዘለለና አንገትጌውን ጨመደደው። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ደላላው እጁን እንኳ አላነሳም።

«ምታኝ። ከመታኸኝ ደግሞ የማመለክተው እኔ ነኝ። እኔን ፖሊስ አያውቀኝም፤ አንተን ግን ያውቅሃል።»

ለቀቀው። በሩን ከፍቶ ወጣ።

በዚያው ቀን ሚስቱ ምሳ ሰዓቷን ጠብቃ፣ ለእሱ ሳትነግረው፣ ጣቢያ ሄዳ ኖሯል። ማምሻውን ሲገባ እንዳለች ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣለች።

«ጣቢያ ሄጄ ነበር» አለችው።

«ደግ አደረግሽ። መቼ ይመጣሉ ሊወስዱኝ?»

«አልፈረምኩም።» እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች። «ተረኛው በሩ ተሰብሯል ወይ አለኝ። አልተሰበረም አልኩት። ቁልፍ ያለው ማነው አለኝ። እኔና ባሌ አልኩት። ባልሽ ምን ይሠራል ሲለኝ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቀ። ጓደኛውን ጠርቶ ‹ና ይቺን ስማ› አለው። ከዚያ የቴሌቪዥኑ ደረሰኝ አለሽ ወይ አለኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለተገዛ ዕቃ። በመጨረሻ ‹ባልሽን ይዘሽው ነይ፣ ካልሆነ እኛ እንመጣለን፤ እሱ እንዴት እንደሚናገር እናውቅበታለን› አለኝ። ወረቀቱን ጥዬለት ወጣሁ።»

እሱም ተቀመጠ። ከስርቆቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። ከዚያ ሌባው ማን እንደሆነ ነገራት፤ ስለ ምሳው፣ ስለ ቦርሳው፣ ስለ አምስቱ ቁልፍ። የራሱን ቁልፍ አለማወቁን ሲናገር ጥፍሩ ሥር ያለውን ናስ ይፍቅ ነበር።

ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም።

«ከድሮም ወንድሜን ትጠላዋለህ» አለች መጀመሪያ። ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች ደግሞ «ቦርሳዬ ያን ቀን ከሰቀልኩበት ወርዶ ነበር» አለች።

«እና አሁን ምን እናድርግ?»

«ምን እናደርጋለን? እናቴ ልቧ ድካም አለበት። ልጇን በካቴና ብታይ የዚያኑ ቀን ትሞታለች። እናቴን ገድለን ቴሌቪዥን እናስመልስ?»

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው።»

በነጋታው የበሩን ቁልፍ ነቅሎ ሌላ አስገባ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። እሱ ዝም ያለው ለሚስቱ እናት ሲል እንደሆነ ለራሱ ነገረው፤ እሷ ዝም ያለችው ባሏን ከጥፊ ለማዳን እንደሆነ ለራሷ ነገረችው። ሁለቱም ውስጣቸው እየተቃጠለ አንዱ ሌላውን ባለዕዳ አድርጎ ያይ ነበር። ደላላው እህቱ ቤት መምጣቱን ተወ። እናታቸው ዘንድ ሲገናኙ ግን እንደ ወትሮው የሰው ክንድ ይዞ ይስቃል፤ መክፈቻን «ጋሼ፣ ጠፋህሳ» ይለዋል። መክፈቻ ጥርሱን ነክሶ ሳህኑን ያያል።

ሱቁ ካለችበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ለብቻዋ ትኖራለች። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ በእጇ የተቀበለች ናት፤ መክፈቻን ቆማ የምታዋራው፣ ፊቱ ቢጠቁርም የማትቀየመው እሷ ብቻ ነበረች። በሯን አሥራ ሁለት ዓመት ያየላት እሱ ነው።

ከአራት ወር በኋላ መክፈቻ ደላላውን ወደ ሲስተር ቤት ሲወጣ አየው። ሱቁ ደረጃው ሥር ስለሆነች ሳያይ የሚወጣ ሰው የለም። አንድ ቀን ከተከራይ ጋር፣ ሌላ ቀን ለብቻው። ሲስተር አንዱን ክፍል ልታከራይ ኖሯል። በሦስተኛው ጊዜ ደላላው ሲወርድ ጣቱ ላይ ቁልፍ ያሽከረክር ነበር። በመክፈቻ ፊት ሲያልፍ ጠቀሰው።

በማግስቱ ሲስተር ዳቦዋን ይዛ ስትገባ ሱቁ አጠገብ ቆመች።

«ያ ደላላ የሚስትህ ወንድም ነው አሉኝ» አለችው። «ተከራይ ሲያመጣ እንዲያሳይልኝ ቁልፍ ስጪኝ ብሎኝ ሰጠሁት። ሰው ነው?»

ማሽኗ ላይ ቁልፍ ታስሯል። መክፈቻ ቀና ብሎ አያት፤ ብዙ ጊዜ የማያደርገውን። ልንገራት ብሎ አፉን ከፈተ። ቢነግራት «እንዴት አወቅክ?» ትላለች። «ቤቴን ዘርፎኝ» ሊል ነው። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ትላለች። ከዚያ ወሬው ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ይወርዳል፤ ገበያው ይሰማዋል፣ ጣቢያው ይሰማዋል፣ አማቱ ትሰማዋለች።

«ደላላ ነው» አለና ማሽኗን አስነሳት።

ሲስተር «እንግዲህ ደላላ ያው ደላላ ነው» ብላ ሳቅ አለችና ደረጃውን ወጣች።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ሲስተር በየወሩ በዚያ ቀን ወደ ጡረታ ቢሮ እንደምትሄድ ደላላው ያውቃል። የዚያን ወር ግን ጉንፋን ጥሏት አልጋ ላይ ነበረች። ረፋዱ ላይ በሩ ሲከፈት ሰምታ «ማነው?» ብላ ተነሳች። ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ኮሪደሩ ላይ ገጠማት፤ በሁለት እጁ ገፈተራት። የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ጎረቤት ያገኛት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። መክፈቻ የዚያን ዕለት ጠዋት የተበላሸ በር ሊያይ ሌላ ሰፈር ተጠርቶ ነበርና ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ አላየም።

ከቀትር በኋላ ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት ፖሊሶቹ ቆመው ጠበቁት። «የሦስተኛ ፎቁን ቁልፍ የገጠምከው አንተ ነህ?» አሉት። ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ግን ወንበሩ ያው የድሮው ወንበር፣ ክፍሉም ያው ክፍል ነው። መክፈቻ አልዋሸም። ከመጀመሪያው አንስቶ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው።

«ከአምስት ወር በፊት ተዘረፍኩ ትላለህ» አለው መርማሪው። «የት አመለከትክ?»

«አላመለከትኩም።»

«ለምን?»

መክፈቻ ግራ ጆሮውን አዙሮ አሳየው። «እናንተን ስለማውቃችሁ።»

መርማሪው ይህን አልጻፈውም። «ስለዚህ ሌባውን እያወቅክ ደበቅከው» አለ፤ ይህንን ግን ጻፈው። «ከሌባ ጋር የሚካፈል ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ሦስት ቀን ታሰረ። እጃቸውን አላነሱበትም፤ ጊዜው ተለውጧል አሉት። በምትኩ በየሁለት ሰዓቱ እየቀሰቀሱ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁት። የሴትየዋ አጥንት መሰበሩን በነገሩት ቁጥር «አሁን እንዴት ነች?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ሚስቱ ሄዳ ለመነቻት። «እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል። «ብታስገድዱኝ ነገውኑ ቤት እለቃለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚስቱ ወደ ሥራ የምትሄድበትን ልብስ ለብሳ ጣቢያ ገባች። ያው የሳቀባት ተረኛ ነበር የተቀበላት።

«ወንድሜን ልከስ ነው የመጣሁት» አለችው። «ዛሬም የምትስቅ ከሆነ ሳቅህን እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።»

አልሳቀም። ቃሏን ሰጠች፤ ስለ ምሳውም፣ ከሰቀለችበት ስለወረደው ቦርሳም። ፈረመች። የደላላውን ቢሮ ሲፈትሹ በወረቀት ምልክት የተደረገባቸው አሥራ ዘጠኝ ቁልፎች፣ የሲስተር የእጅ ሰዓትና የመክፈቻ መሰርሰሪያ ተገኙ። ከአሥራ ዘጠኙ ቁልፎች ስድስቱ የተዘረፉ ቤቶች ቁልፎች ነበሩ። ከስድስቱ ባለቤቶች ያመለከቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ፖሊስ ፈልጎ ሲጠይቃቸው አንዱ ዕቃውን የወሰደው ልጄ መስሎኝ አለ፣ አንዷ ባሌ እንዳይሰማ አለች፣ የቀሩት ደግሞ ማመልከት ምን ዋጋ አለው ብለን ነው አሉ።

ደላላው አራት ዓመት ተፈረደበት። አማቲቱ አልሞተችም። ልቧ ድካም ያለበት እናት በሳምንት ሁለት ቀን ስንቅ ይዛ ወህኒ ቤት ትመላለሳለች። ለሴት ልጇ ግን በሯን ዘጋችባት። «እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ እሱንም አንቺ አሰርሽብኝ» ብላ ከውስጥ ሆና መለሰቻት። ከዚያ ወዲህ ሚስትየዋ ባሏን አታናግረውም ማለት ይቻላል፤ ታናግረዋለች፣ ግን ቃሉ ሁሉ እሾህ አለበት። «አንተ ያኔ ወንድ ሆነህ ብትናገር ኖሮ እኔ ላይ አይወድቅም ነበር» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው ያልሽው አንቺ ነሽ» ይላታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሲስተር ከሆስፒታል በወጣች በወሩ ባልና ሚስቱ ሊጠይቋት ሄዱ። ሚስቱ ሕንፃው በር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ «አንተ ውጣ፣ እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ» አለችው። ሦስት ፎቅ ብቻውን ወጣ። በሩ ላይ ሌላ ሰው የገጠመው አዲስ ቁልፍ አየ፤ አገጣጠሙ ጠማማ ነው። ሲስተር በብረት መደገፊያ እየተደገፈች መጥታ ከፈተችለት። ግባ አላለችውም።

«ጠየቅኩህ እኮ» አለችው። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «ሰው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ።»

«ሲስተር፣ እኔ...»

«ምክንያትህን ሰምቻለሁ። ፖሊሱ አጫውቶኛል። መታሰርህን፣ መመታትህን፣ ሁሉንም። እውነትህን ነው፤ በአንተ ቦታ ብሆን ጣቢያ አልሄድም ነበር።» መደገፊያውን አስተካክላ ያዘች። «ግን እኔ ጣቢያ አይደለሁም። እኔ ዳቦ ይዤ ፊትህ የቆምኩ ሰው ነኝ። ለእኔ አንዲት ቃል ማንሾካሾክ ምን ያህል ከበደህ?»

ቁልፉ ጠማማ መሆኑን፣ ሊያቃናላት እንደሚችል ሊነግራት ነበር፤ ተወው።

«ከእንግዲህ አትምጣ» አለችውና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሲወርድ ሚስቱን ከግድግዳው ጥግ ቆማ አገኛት።

«ምን አለች?»

«ደህና ነች።»

«እኔንስ ጠየቀች?»

«ጠይቃለች። ሰላም በልልኝ ብላለች።»

መዋሸቱን ፊቱን አይታ አወቀች። ዞራ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መንገድ ጀመረች፤ እሱም ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላት።